ሂዩ ግራንትን ከየት ጀምራችሁ ብታዩት ይሻላል

ሂዩ ግራንት ሲባል አብዛኛው ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ያው አንድ ሰውዬ ነው፣ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ የተደፋ፣ የወደዳት ሴት ፊት ሲቆም ምላሱ የሚተሳሰር፣ ይቅርታ ሳይል አረፍተ ነገር የማይጀምር እንግሊዛዊ። ወጣቶቹ ደሞ በፓዲንግተን 2 ወይ በሄሬቲክ ነው የሚያውቁት፣ ክፉ ሽማግሌ ሆኖ ማለት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን ፊልሞቹን ዝም ብሎ ያገኙትን እየከፈቱ ማየት ሰውዬውን ያስመልጣል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በወጡበት ዓመት ማየትም አያዋጣም ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ አስር ዓመታት ውስጥ ዝባዝንኬ ብዙ ነው። ብዙ ሰው ድሮ ደግ ደጉን ይሰራ ነበር አርጅቶ ወደ ክፉ ዞረ ይላል፣ እኔ አልስማማም። ከ1994 ጀምሮ የሚሰራባቸው ነገሮች ያው ናቸው፣ መንተባተቡ፣ ዓይኑን ማርገብገቡ፣ ትህትናው፣ ራሱ ላይ መቀለዱ፣ የተለወጠው ለምን ጉዳይ እንደሚያውላቸው ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ይሄ እንዲታያችሁ ተብሎ የተደረደረ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር፣ በሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ድምፅ ያለበትን ኮፒ አትዩ በቃ። የዚህ ሰው ግማሹ ሥራ ድምፁ ውስጥ ነው፣ የት ጋ እንደሚቆም፣ የትኛዋን ቃል ውጦ የትኛዋን እንደሚተፋ። እንግሊዝኛችሁ ትንሽም ቢሆን የሚያስኬድ ከሆነ ደሞ ደስ ያላችሁን ሲን ለሁለተኛ ጊዜ ስታዩ ሰብታይትሉን አጥፉት፣ ሰብታይትል መንተባተቡን አፅድቶ ነው የሚፅፈው፣ ከዛም ብሶ ቀልዱን ከአፉ ሳይወጣ ያስነብባችኋል፣ ታይሚንጉ ሁሉ ይበላሻል።

መጀመሪያ፦ ፎር ዌዲንግስ ኤንድ ኤ ፊውነራል (1994)

ከዚህ ጀምሩ፣ ክርክር የለውም። ማይክ ኒውዌል ነው ዳይሬክት ያደረገው፣ የፃፈው ሪቻርድ ከርቲስ፣ በጀቱ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በታች ነበር፣ በዓለም ላይ ወደ 245 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ግራንት ያኔ 33 ዓመቱ ነው፣ ትወናውን ተወት ላድርገው እያለ ሲያስብ የነበረበት ጊዜ ነው፣ ከርቲስ ራሱ ደሞ መጀመሪያ ላይ አልፈለገውም ነበር፣ መልኩ ለዚህ ሚና በጣም ያምራል ብሎ። በመጨረሻ ጎልደን ግሎብም ባፍታም (የእንግሊዞቹ የፊልም ሽልማት) በዚሁ ፊልም ወሰደ።

ምን ላይ ታተኩሩ? አከፋፈቱ ላይ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ንግግር ማለት ይቻላል አንድ ስድብ ብቻ ነው፣ ሰርግ አርፍዶ የነቃ ሰው ደጋግሞ የሚሳደበው፣ እና በየጊዜው ድምፁ ይለያያል፣ አንዱ ድንጋጤ ነው አንዱ ተስፋ መቁረጥ ነው አንዱ ደሞ በቃ ልማድ ነው። ስክሪፕት ላይ ያችው አንዲት ቃል ናት፣ ሌላውን ሁሉ የሚሰራው አክተሩ ነው። (ከልጆች ጋር ካያችሁት በዚህ ምክንያት ገና በሩ ላይ ትያዛላችሁ፣ ነግሬያችኋለሁ።)

ከዛ ቴምዝ ወንዝ ዳር ያለው ሲን። የወደዳትን ሴት ተከትሎ ሮጦ እወድሻለሁ ሊላት ነው ግን በቀጥታ መናገር አቅቶት በአንድ የ70ዎቹ ዘፋኝ ቃል ተደብቆ ነው የሚናገረው። ይሄን ሁለቴ እዩት። አንደኛው ላይ ትስቃላችሁ ወይ ታዝናላችሁ፣ ሁለተኛው ላይ ግን ጆሯችሁን ብቻ ተጠቀሙ፣ መንተባተቡ በዘፈቀደ እንዳልሆነ ይሰማችኋል፣ ዋናዋ ቃል ልትመጣ ስትል ነው የሚበዛው፣ እናንተን እዛው አንጠልጥሎ ሊያቆያችሁ። ሰው ግን ይሄን ትወና ነው ብሎ አልወሰደውም፣ ግራንት በተፈጥሮው እንደዚህ ነው ብሎ ደመደመ፣ ሰውዬውም ለዓመታት ያ ገፀ ባህሪ እኔ አይደለሁም እሱ ራሱ ሪቻርድ ከርቲስ ነው እያለ ሲያስረዳ ኖረ፣ ማን ይስማው።

ቀጥሎ ወደ ኋላ ተመለሱ

አሁን ከዝናው በፊት ምን ይሰራ እንደነበር ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ። ለንደን ሀመርስሚዝ ውስጥ በ1960 ተወለደ፣ ኦክስፎርድ ኒው ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ፅሁፍ ተማረ፣ እዛው እያለ በ1982 ተማሪዎች በሰሩት ፕሪቪሌጅድ በሚባል ፊልም ላይ ሂዩኢ ግራንት ተብሎ ታየ። ከዛ በኋላ ዘ ጆኪስ ኦፍ ኖርፎክ የሚባል የኮሜዲ ቡድን ከጓደኞቹ ጋር ነበረው፣ አጫጭር ቀልዶች እየፃፉ መድረክ ላይ ይሰሩ ነበር፣ ለሬዲዮ ማስታወቂያም ይፅፍ ነበር። ይሄን ያዙት፣ መነሻው የፍቅር ወጣት መሆን ሳይሆን የሰው ድምፅና ጠባይ እየቀዳ ማሳቅ ነው፣ አርጅቶ ወደሱ ነው የተመለሰው።

ከዚህ ዘመን አንድ ብቻ ካያችሁ ሞሪስን (1987) እዩ። ጄምስ አይቮሪ ነው የሰራው፣ የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ካምብሪጅ፣ ሁለት ወጣት ወንዶች ይፋቀራሉ፣ ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ይሄ ወንጀል ነው። ግራንት የሚሰራው ክላይቭን ነው፣ ፈርቶ ወደኋላ የሚለውን። ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ከጄምስ ዊልቢ ጋር የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ተካፈሉበት። ፊቱ ላይ ያለው ጨዋነት ግድግዳ ሲሆን የምታዩት እዚህ ነው፣ ሰው እንዳይቀርበው የሚጠቀምበት። ቀልድ የለውም፣ ግን ሰላሳ ዓመት ቆይቶ ለሚመጣው ነገር ፍሬው ያለው እዚህ ነው።

ሌሎቹን በፍላጎታችሁ፦ ዘ ሌር ኦፍ ዘ ዋይት ወርም (1988) የኬን ረስል እብደት ነው፣ ትልቅ ትል አለ፣ ማምሻውን ከጓደኛ ጋር መሳቂያ ይሆናል። ቢተር ሙን (1992) ላይ ክሪስቲን ስኮት ቶማስ አብራው አለች፣ ፎር ዌዲንግስ ላይ ሳትነግረው ስትወደው የኖረችዋ ፊዮና ማለት ናት፣ ፊልሙ ግን የአልጋ ነገር ይበዛዋል፣ ከቤተሰብ ጋር አይከፈትም።

1995ን አትዝለሉት

ፊልም ስለማየት ነው የምናወራው ግን ይሄን ካላወቃችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ሰኔ 1995 ላይ፣ የመጀመሪያው ትልቅ የሆሊውድ ፊልሙ ናይን መንዝስ ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪና ውስጥ ከወሲብ ንግድ ሰራተኛ ጋር ፖሊስ ያዘው። ያኔ ፍቅረኛው ኤሊዛቤት ኸርሊ ነበረች፣ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሁሉም አለቀለት ሲል እሱ ሐምሌ ውስጥ ቀድሞ ተይዞለት የነበረውን የጄይ ሌኖ ቶክሾው ሳይሰርዝ ሄዶ ቁጭ አለ፣ ጭንቀት ነው ልጅነቴ ነው ምናምን ሳይል መጥፎ ነገር አድርጌያለሁ አለ፣ አበቃ። ክሊፑን ፈልጋችሁ እዩት፣ አጭር ነው። አፍሮ እንደተቀመጠ ያያችሁት ሰውዬ ከፊልሞቹ ሰውዬ ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ ደሞ ከዛ ቀን በኋላ ደግ ልጅ ነው የሚለው ነገር ለዘላለም ትንሽ ተሰነጠቀ። ለትወናው ጠቀመው ባይ ነኝ።

በዛው ዓመት ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ አለ፣ አንግ ሊ ነው ዳይሬክተሩ፣ ኤማ ቶምሰን ስክሪፕቱን ፅፋ ኦስካር ወስዳለች። ጥሩ ፊልም ነው፣ የሷ ፊልም ነው፣ ለግራንት ብላችሁ ከሆነ ግን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ኖቲንግ ሂልና ብሪጅት ጆንስን ጎን ለጎን

እነዚህን ሁለቱን በተከታታይ ቀን እዩ፣ በመሀል ሌላ ፊልም አታስገቡ።

ኖቲንግ ሂል (1999) የሮጀር ሚሼል ነው፣ ስክሪፕቱ እንደገና የከርቲስ፣ የጉዞ መፅሐፍ የሚሸጥ ሰው እና በዓለም የታወቀች አክትረስ፣ ጁሊያ ሮበርትስ። በዓለም ላይ ከ360 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። እዚህ መንተባተቡ ቀንሷል፣ የሚበዛው ዝምታ ነው። ፖርቶቤሎ መንገድ ገበያው መሀል ሲራመድ ዓመቱ የሚያልፍበትን ሲን እዩ፣ ሳይቆረጥ የተቀረፀ ነው የሚመስለው፣ ፀሀይ ዝናብ በረዶ እንደገና ፀሀይ፣ አንዲት ሴት መጀመሪያ ላይ እርጉዝ ናት መጨረሻ ላይ ልጇን ይዛለች። እሱ እዚህ ምንም ነገር አይሰራም፣ ጃኬት ይዞ ይሄዳል ብቻ፣ እና ምንም አለመስራት ከባድ እንደሆነ የገባው አክተር ነው እንደዚህ የሚራመደው። ስለ ስፓይክ አብሮ አዳሪው አላወራም፣ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

በነጋታው ብሪጅት ጆንስስ ዳያሪ (2001)። እዚህ ዳንኤል ክሊቨር ነው፣ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ የብሪጅት አለቃ፣ ውሸታም፣ ሴት አሳዳጅ፣ ሲበዛ ተጫዋች። ትላንት ያያችሁት ፈገግታ ነው፣ ያው ድምፅ ነው፣ ራስን ዝቅ አድርጎ መቀለድም አለ፣ አሁን ግን ሁሉም ሰው መሸወጃ ሆኗል። ደግሞ የሚያናድደው ነገር ትወዱታላችሁ፣ ብሪጅት ለምን እንደምትሸነፍ በደንብ ይገባችኋል። ከተቀናቃኙ ከኮሊን ፈርዝ ጋር የሚደባደቡበት ሲን ሲመጣ እንቅስቃሴያቸውን ተከታተሉ፣ እንደ ፊልም ድብድብ የተጠና አይደለም፣ በሕይወታቸው ቡጢ ሰንዝረው የማያውቁ ሁለት የተማሩ ሰዎች ሲጣሉ እንዴት እንደሚሆኑ ነው፣ ፀጉር መጎተት አለ፣ በእግር መራገጥ አለ። የምርጥ ቀልደኛነቱ ማስረጃ ነው ለኔ።

አባውት ኤ ቦይ (2002)፣ የሚበልጠው

ከመሀለኛው ዘመን አንድ ብቻ ጊዜ አለኝ የምትሉ ካላችሁ ይሄን። ፀጉሩን አሳጥሮታል፣ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ያቺ የተደፋች ፀጉር መደበቂያው ነበረች። ዊል የሚባል ሥራ የሌለው 38 ዓመት የሞላው ሰው ነው፣ አባቱ በፃፈው አንድ የገና ዘፈን ገቢ የሚኖር፣ ቀኑን በሰላሳ ሰላሳ ደቂቃ ከፋፍሎ የሚያሳልፍ፣ ሴት ለመተዋወቅ ብሎ የሌለ ልጅ አለኝ ብሎ የብቸኛ ወላጆች ስብሰባ ላይ የሚገኝ። ከዛ አንድ የሚያሳዝን የ12 ዓመት ልጅ ሕይወቱ ውስጥ ይገባል፣ ኒኮላስ ሆልት ነው፣ ያኔ ትንሽ ልጅ እያለ።

እዚህ ደጉ ሰውዬም ዳንኤል ክሊቨርም አንድ ሰው ውስጥ ናቸው። ተራኪ ድምፁን ስሙ፣ ራስ ወዳድነቱን ያለ ሃፍረት ነው የሚተርከው፣ ፊቱ ላይ ግን ካሜራው ሌላ ነገር ነው የሚይዘው፣ ድምፁና ፊቱ አይስማሙም። እስኪ አንድ ሲን ላይ ድምፁን አጥፍታችሁ ፊቱን ብቻ እዩ፣ ከልጁ ጋር ሶፋ ላይ ቲቪ የሚያዩበትን ብታደርጉት ጥሩ ነው፣ መቼ እንደለመደው ሳታውቁት ለምዶት ታገኙታላችሁ።

ላቭ አክቹዋሊ (2003) ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፣ ፊልሙ የብዙ ሰዎች ታሪክ ስለሆነ የሱ ክፍል ትንሽ ነው፣ መኖሪያው ውስጥ ብቻውን የሚደንስበት ሲን ታዋቂ ነው፣ እሱ ራሱ ሊሰራው አልፈለገም ነበር፣ ሲያዩት ግን አያስታውቅም። ቱ ዊክስ ኖቲስ (2002) ከሳንድራ ቡሎክ ጋር እና ሚውዚክ ኤንድ ሊሪክስ (2007) ከድሩ ባሪሞር ጋር ሥራ ውላችሁ ስትደክሙ የሚታዩ ናቸው፣ ሁለተኛው ላይ ራሱ ነው የሚዘፍነው፣ የ80ዎቹን ሙዚቃ ቪዲዮ እየቀለዱበት የሚከፍቱበት መጀመሪያ ብቻውን ዋጋ አለው። ዲድ ዩ ሂር አባውት ዘ ሞርጋንስ (2009) ይቅርባችሁ።

ከዛ በኋላ ሮማንቲክ ኮሜዲ ራሱ እየቀዘቀዘ ሄደ፣ እሱም እያረጀ ነው፣ በዚህ መሀል ጉልበቱን የወሰደው ከእንግሊዝ ታብሎይድ ጋዜጦች ጋር የገጠመው ጠብ ነው፣ የሰው ስልክ እየጠለፉ ወሬ ያወጡ ነበር፣ ሕዳር 2011 ላይ ሌቨሰን የሚባል ዳኛ የሚመራው አጣሪ ፊት ቀርቦ መሰከረ። ክላውድ አትላስ (2012) ላይ ደሞ ስድስት የተለያየ ሰው ሆኖ ገባ፣ አንዱ ሰው የሚበላ የጎሳ አለቃ ነው፣ ፊቱን ቀብተውት አታውቁትም። ፊልሙ ረጅምና ግራ አጋቢ ነው፣ ግን በር የተከፈተው እዚህ ይመስለኛል፣ የፍቅር ሰውዬ መሆን ካልጠበቃችሁበት ምን ያህል እንደሚደሰት ይታያል።

ሁለተኛው ሕይወት

ፍሎረንስ ፎስተር ጄንኪንስ (2016) መሸጋገሪያ አድርጉት። መዝፈን የማትችል ሀብታም ሴትዮ እዘፍናለሁ ትላለች፣ ሜሪል ስትሪፕ ናት፣ እሱ ባሏ ነው፣ እውነቱን እንዳትሰማ ዓለምን ሁሉ የሚያታልልላት፣ ማታ ደሞ ሌላ ሴት ጋ የሚያድር። ይወዳታል ወይስ ገንዘቧን? ፊልሙ አይነግራችሁም፣ ፊቱም አይነግራችሁም። ጎልደን ግሎብና ባፍታ እጩ ሆነበት።

ከዛ ፓዲንግተን 2 (2017)፣ ፓዲንግተን የሚባል የሚናገር ድብ ታሪክ ነው፣ እና የልጆች ፊልም ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ፊኒክስ ቡካናን የሚባል ዝናው ያለፈበት ተዋናይ ነው፣ የውሻ ምግብ ማስታወቂያ እየሰራ የሚኖር፣ ቤቱ በራሱ ፎቶ የተሞላ። ዳይሬክተሩ ፖል ኪንግ ጊዜው ያለፈበት ራሱን የሚወድ ተዋናይ የሚል ሚና ሲፅፍ አንተን አሰብኩ ብሎ ደብዳቤ ላከለት፣ ሌላ ሰው ይቀየም ነበር። መነኩሲት ይሆናል፣ ባላባት ይሆናል፣ እያንዳንዱ ድምፅ የተለየ ነው፣ ያ የኮሜዲ ቡድን ልጅ ማለት ነው ተመልሶ የመጣው። መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝሩ ሲጀምር እንዳትዘጉት፣ እስር ቤት ውስጥ ሮዝ ልብስ ለብሶ ዳንስ አለ።

ወዲያው ኤ ቬሪ ኢንግሊሽ ስካንዳል (2018) ግቡ፣ የቢቢሲ ሦስት ክፍል ድራማ ነው፣ እውነተኛ ታሪክ፣ ጄረሚ ቶርፕ የሊበራል ፓርቲ መሪ የነበረ፣ የድሮ ወንድ ፍቅረኛውን ሊያስገድል አሲሯል ተብሎ በ1979 ተከሶ ነፃ የወጣ። የቀድሞ ፍቅረኛውን የሚሰራው ቤን ዊሾው ነው፣ የፓዲንግተን ድምፅ! በተከታታይ ስታዩት ትንሽ ያዞራል፣ ድቡን ያስቸገረው ሰውዬ አሁን ያንኑ ድምፅ ሊያስገድል ነው። ሞሪስን ያየ ሰው ደሞ ክላይቭን ያስታውሳል፣ ያ ፈርቶ ወደ ፖለቲካና ወደ ትዳር የሸሸው ወጣት አርጅቶ እዚህ የደረሰ ነው የሚመስለው። ለኔ ከሁሉም ሥራው አንደኛ ይሄ ነው።

ዘ አንዱይንግ (2020) ስድስት ክፍል ነው፣ ከኒኮል ኪድማን ጋር፣ ስለሱ አንድ ነገር ብናገር ይበላሻል፣ ምንም ሳታነቡ እዩ። ዘ ጀንትልሜን ላይ የጋዜጣ ወሬ ለቃሚ ሆኖ በሰፈር አራዳ አነጋገር ያወራል፣ ከጋዜጦቹ ጋር የነበረውን ጠብ ለሚያውቅ ቀልዱ እጥፍ ነው። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እና ዎንካ (ሁለቱም 2023) ለቤተሰብ ናቸው፣ ዎንካ ላይ ትንሽዬ ብርቱካናማ ፍጡር ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ነው ያለው፣ ፊልሙን ይሰርቃል።

ሄሬቲክ (2024) ሆረር ነው፣ ሁለት ወጣት የሞርሞን ሚስዮናውያን ሴቶች የአንድ ትሁት ሽማግሌ በር ያንኳኳሉ። ይሄን ከማየታችሁ በፊት ፎር ዌዲንግስን ማየታችሁ የግድ ነው ምክንያቱም የሚያስፈራው ነገር ከዛ ነው የተወሰደው። ይንተባተባል፣ ይቅርታ ይላል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ባለቤቴ ብሉቤሪ ኬክ እየጋገረች ነው ግቡ ይላል፣ ከ30 ዓመት በፊት ፍቅር ያስገኘለትን ሁሉ አንድ በአንድ አውጥቶ ልጆቹ ከወንበራቸው እንዳይነሱ ይጠቀምበታል። የመጀመሪያውን ሰዓት በደንብ ተከታተሉ፣ ደም ምናምን ሳይኖር ወሬ ብቻ ነው፣ እና በጨዋነት ብቻ ሰውን ማገት እንደሚቻል ታያላችሁ። ሁለተኛው ግማሽ ትንሽ ይወርዳል፣ እሱ ግን አይወርድም። ማታ ብቻችሁን አትዩት።

ብሪጅት ጆንስ፦ ማድ አባውት ዘ ቦይ (2025) የመጨረሻ ይሁን። ዳንኤል ክሊቨር አርጅቶ ተመልሷል፣ ጊዜው ጥቂት ነው፣ ግን የ2001ዱንና የ2004ቱን ብሪጅት ጆንስ ካላያችሁ አይገባችሁም። የ2016ቱን ብሪጅት ጆንስ መዝለል ትችላላችሁ፣ እዛኛው ላይ እሱ የለበትም።